የባለ ሽቦ ቸርኬ ስያሜዎች፦ ከጅጅጋ በኩል ሲታዩ

ስድሳ ሽቦ ያለው አንድ የመኪና ቸርኬ ሙሉ በሙሉ ቢፈታ 122 ቍራጭ ይወጣዋል። ዐይነታቸው ግን አራት ብቻ ነው፤ ዙሪያው፣ መካከሉ፣ ሽቦውና ሽቦውን የምታጠብቀው ትንሽ ማጥበቂያ። ለእነዚህ ለአራቱ አማርኛ በጽሑፍ የጸና ስም የለውም ብንል ከእውነቱ አንርቅም። የጥገና መምሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ አንዱን ቃል ለሁለት ነገር፣ ሁለት ቃል ለአንድ ነገር እየሰጠ ይጽፋል፤ አንባቢውም የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው ዕቃውን በእጁ ይዞ ሲያነብ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው የእነዚህንና የተጓዳኞቻቸውን ስያሜ ሲሆን፣ ነገሩን የምናየው ከጅጅጋና ከሰሜናዊዎቹ የሶማሌ ክልል ከተሞች በኩል ነው።

ጅጅጋን የመረጥነው ባለ ሽቦ ቸርኬ የተገጠመላቸው ነባር መኪኖች እዚያ በብዛት ስላሉ አይደለም፤ እንዲህ ያለ መኪና በዚያ ከተማ ማየት ብርቅ ነው። ባለ ሽቦ ቸርኬ በጅጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬና በቶጎ ጫሌ የሚገኘው በብስክሌትና በሞተር ብስክሌት ላይ ነው። ነገር ግን ስለዚህ ዐይነት ቸርኬ ዝርዝርና ጥንቃቄ የተሞላበት መመሪያ የያዙት ለእንግሊዝ ስፖርት መኪናዎች፣ ማለት ለኤም ጂ፣ ለኦስቲን ሂሊ፣ ለትራያምፍና ለጃጓር የተጻፉት መጻሕፍት ናቸው። ስሙ ከዚያ ቢገኝ ለብስክሌት ጠጋኙም ይበቃዋል። ሁለተኛውና ይበልጥ ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ምክንያት ደግሞ፣ በጅጅጋ ጋራዥ ሁለት የሙያ ቋንቋዎች ጎን ለጎን መቆማቸው ነው።

የአማርኛ የጋራዥ ቃላት አብዛኞቹ የጣልያንኛ ውላጆች ናቸው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ጎማ ጠጋኙ ራሱም ጎሚስታ። የሰሜኑ ሶማልኛ ግን የመኪናን ነገር በብዛት የተማረው በበርበራና በሐርጌሳ በኩል ከእንግሊዝኛ ነው። ጎማውን «ታይር» ይለዋል፤ ፍሬኑን «ቢሬግ»፤ ብስክሌቱን «ባስኪል»፤ የደቡቡ ሶማልኛ ደግሞ ከጣልያንኛው ወስዶ «ቡሽኩሌቲ» ይላል። ጅጅጋ በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ጦር ተይዛ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከገባባት በኋላ እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ድረስ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆይታለች። ሁለቱ የቃል ጅረቶች በአንድ ጋራዥ የተገናኙት በዚህ ታሪክ ውስጥ ነው።

ከመገናኘታቸው የሚወለደውን አሳሳች ወንድማማችነት ለማሳየት ሁለት ምሳሌ ይበቃል። «ጋሪ» በአማርኛ በፈረስ ወይም በአህያ የሚሳብ ነው፤ በሰሜኑ ሶማልኛ «ጋዺ» መኪና ነው። ሁለቱም ከሕንድ ቋንቋ የመጡ አንድ ቃል ናቸው፤ እንዲያውም በምላስ መታጠፍ የሚነገረው የሕንዱ ድምፅ በሰሜኑ ሶማልኛ «ዺ» ሆኖ ሲቀር፣ በአማርኛና በደቡቡ ሶማልኛ ወደ ተራ «ሪ» ተለውጧል። «ባቡር» እንዲሁ፤ በአማርኛ በሐዲድ የሚሄደው ነው፣ በሶማልኛ መኪና፣ በተለይም የጭነት መኪና ነው፤ በሐዲድ የሚሄደውን ሶማልኛ «ታሬን» ይለዋል። የጅቡቲው ሐዲድ በሚያልፍባቸው በሽንሌ፣ በአይሻና በደወሌ ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም። አማርኛም ቢሆን ቃሉን በሐዲድ ላይ ከመወሰኑ በፊት በእንፋሎት ለሚሠራ ሞተር ሁሉ ይሰጠው ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ድንጋይ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» መባሉን የማያውቅ የለም። ስለዚህ «የጋሪ ቸርኬ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ በአዲስ አበባ የሚረዱት የእንጨቱን፣ በጅጅጋ የሚረዱት የመኪናውን ሊሆን ይችላል። ከዚህ የተነሣ በስያሜዎቻችን ውስጥ «ጋሪ»ንም ሆነ «ባቡር»ን አንጠቀምም፤ «መኪና» እንላለን።

በስያሜ ሥራ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ቅደም ተከተል መጀመሪያ አማርኛውን መፈተሽ፣ ካልተገኘ ወደ ግእዝ መሄድ፣ ቀጥሎ የሌሎችን ኢትዮጵያውያን ቋንቋዎች ማየት፣ በመጨረሻም የውጭውን ቃል መቀበል ነው። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን «አማርኛው» የምንለው የት እንደሚያበቃ መወሰን አለበት። በእኛ አስተያየት ሹፌርና ሜካኒክ ለሦስትና ለአራት ትውልድ ሲናገሩበት የኖሩት ቃል አማርኛ ነው። «ዳዶ»ን ጥለን ከግእዝ አዲስ ስም ብንፈጥር የሚገለገልበት መዝገበ ቃላቱ ብቻ ይሆናል።

ከጠቅላላው ስም እንጀምር። «መንኰራኵር» ጥንታዊና የተከበረ ቃል ነው፤ የሕዝቅኤልን ራእይ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 7 ቍጥር 33 የመንኰራኵር ክፍሎች አንድ በአንድ ተዘርዝረው ስለ ተቀመጡ፣ መጽሐፍ ቅዱስን የተረጐሙ ሰዎች እኛ ዛሬ ከምንቸገርበት ችግር ጋር ከእኛ በፊት ተፋጥጠዋል። ሆኖም ጎማ ጠጋኝን «መንኰራኵሩን አውጣልኝ» የሚል ሰው የለም። በአነጋገር «እግር» ይባላል፤ ባለ ሦስት እግር ስንል ባጃጁን ማለታችን ነው። «ጎማ»ም ላስቲኩን ብቻ ሳይሆን ብረቱን ጨምሮ መላውን ያመለክታል፤ «ጎማ ቀየርኩ» የሚል ሹፌር የቀየረው ከነብረቱ ነው። ሶማልኛ በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አለው፤ «ሻግ» ወይም «ጊራንጊር» ብሎ ተሽከርካሪውን፣ «ታይር» ብሎ ላስቲኩን ይለያል።

«ቸርኬ» ከጣልያንኛው «ቼርኪዮ» (ቀለበት፣ ክብ) ወይም «ቼርኪዮኔ» የመጣ ነው። በመነሻው ዙሪያውን ብቻ የሚያመለክት ነበር፤ በአማርኛ ግን ላስቲኩ የወለቀለትን ብረት በሙሉ ይጠራበታል። ብረቱ አንድ ወጥ ሳሕን በሆነበት መኪና ይህ ችግር አያመጣም፤ ዙሪያውና መካከሉ በብየዳ ተያይዘው አንድ አካል ሆነዋልና። በባለ ሽቦው ግን ዙሪያው ሌላ፣ መካከሉ ሌላ ነው፤ ዙሪያው ተጣምሞ ሲጣል መካከሉ ታጥቦ ዳግመኛ ይሠራል። ስለዚህ ሕዝቡ እንዳለው «ቸርኬ»ን ለመላው ብረት ትተን፣ ዙሪያውን «ክፈፍ» እንድንለው እናቀርባለን። ክፈፍ የዳር ዙሪያ ማለት መሆኑን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሰፌድም፣ የልብስም፣ የሥዕልም ክፈፍ አለና።

መካከሉ «እምብርት» ይሁን። ይህ ከራሳችን የፈጠርነው ዘይቤ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ የጥንቱ የዚህ ክፍል ስም ከእምብርት ጋር ሥረ መሠረቱ አንድ ነው፤ በሶማልኛም «ሑዱን» እምብርትም፣ የአንድ ነገር መካከልም ነው። ከጅጅጋ ጠጋኝ ጋር «ሑዱን» ብንባባል በአማርኛው «እምብርት» ለመግባባት አስተርጓሚ አያሻንም። በአንዳንድ ጋራዥ የሚሰማውን የጣልያንኛውን «ሞዞ» በቅንፍ ማስቀመጥ ግን አይከፋም።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ፤ ሙግቱ ያለው እዚህ ነው። ጣልያንኛው «ራጆ» (ብዙው «ራጂ») የብርሃን ጨረርም፣ የክብ እኩሌታ መስመርም፣ የመንኰራኵር ዘንግም ማለት ነው። ሦስቱንም ከላቲኑ «ራዲየስ» ወርሷል፤ ላቲኑ ግን ከበትርና ከመንኰራኵር ዘንግ ተነሥቶ ነው ወደ ጨረር የደረሰው። ወደ አማርኛ የገባው «ራጅ» በሐኪም ቤት ሥር ሰድዷል፤ «ራጅ ተነሣሁ» የማይል በሽተኛ የለም። ቃሉን ከብስክሌት ጋር በተያያዘ ብንሰማው እንኳ በጽሑፍ ለሁለቱም ማዋሉ ግራ ያጋባል። «ጨረር» ብለን ብንመልሰው ደግሞ የቸርኬን ዘንግ ፀሐይ እናደርገዋለን።

የበለጠው ችግር ግን የስም ሳይሆን የአሠራር ነው። የእንጨት መንኰራኵር ዘንግ ይሸከማል፤ ከታች ያለው ዘንግ እንደ ምሰሶ ሆኖ ክብደቱን ከሥሩ ይደግፋል። ሽቦ ምሰሶ ሊሆን አይችልም፤ ገፋ ቢያደርጉት ይጎብጣል። ሽቦ የሚሠራው ሲሳብ ብቻ ነው። ሁሉም ሽቦዎች አስቀድመው በኀይል ተወጥረው ስለሚታሰሩ ክፈፉን ከየአቅጣጫው ወደ እምብርቱ ይስቡታል፤ የመኪናው ክብደት ሲያርፍበት ከታች ያሉት ሽቦዎች ከውጥረታቸው ጥቂት ይቀንሳሉ እንጂ አይገፉም። ጆርጅ ኬሊ የተባለው እንግሊዛዊ ይህን ሐሳብ በ1808 እ.ኤ.አ. በማስታወሻው አስፍሯል። ጄምስ ስታርሊ በ1874 እ.ኤ.አ. ሽቦዎቹ ከእምብርቱ ቀጥ ብለው ከመውጣት ይልቅ እርስ በርስ እየተሻገሩ በጎን እንዲወጡ አደረገ፤ ምክንያቱም ቀጥ ያለ ሽቦ ክብደት ቢይዝም፣ ሞተሩ ሲያዞር ወይም ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን የመጠምዘዝ ኀይል በደንብ አያስተላልፍም።

እንግዲህ «ተሸካሚ ዘንግ»፣ «ደጋፊ»፣ «ምሰሶ» የሚሉ ትርጉሞች ሁሉ ለሽቦው ውሸት ናቸው። የእንጨቱን «ዘንግ»፣ የብረቱን «ሽቦ» እንድንል፣ አሻሚ በሚሆንበት ቦታም «የቸርኬ ሽቦ» ብለን እንድንሞላው እናቀርባለን። ሶማልኛም ሽቦን «ሲሊግ» ስለሚለው የሁለቱ ቋንቋ ጥገና ሠራተኞች በአንድ ሥዕል ይገናኛሉ። ከእምብርቱ ቀጥ ብሎ የሚወጣው «ቀጥተኛ ሽቦ»፣ ስታርሊ ያመጣው «ተሻጋሪ ሽቦ» ይባል። የመጎተቱ መጠን «ውጥረት» ነው፤ ጋዜጦች ይህን ቃል ለፖለቲካ ከወሰዱት ወዲህ አንዳንድ ተርጓሚ ይሸሸዋል፤ ነገር ግን ከበሮ ሲወጠር፣ ድንኳን ሲወጠር ቃሉ ከቦታው አልተነቃነቀም።

የሽቦውን ጫፍ በክፈፉ ላይ የምታጠብቀውን ትንሽ ማጥበቂያ እንግሊዝኛው በጡት ጫፍ ይጠራታል። ቃል በቃል የመለሰ ሰው ጋራዡን ያስቃል እንጂ አያስተምርም። «የሽቦ ዳዶ» እንላታለን፤ ሥራዋም ይኸው ነው።

ባለ ሽቦ ቸርኬ በመኪናው ላይ የሚታሰርበት መንገድ ከሌላው ይለያል። በእንግሊዝ የሩጅ ዊትዎርዝ ፋብሪካ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ዐሥር ዓመታት ያስፋፋው ዘዴ እንዲህ ነው፤ የመኪናው አክስል ጫፍ በርዝመቱ የተቦረቦሩ ብዙ ቀጥተኛ መስመሮች አሉት፤ የቸርኬው እምብርት ውስጥም ተመሳሳይ አለው፤ ሁለቱ እንደ ጣትና ጣት ተሰካክተው፣ ከላይ አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ይታሰርባቸዋል። መስመሮቹን «ጥርስ» ማለት ይቀናል፤ ነገር ግን ጥርስ የማርሹም፣ የቡሎኑም ነው። ስለዚህ ከገበሬው ተውሰን «ትልም» እንላቸዋለን፤ እንዲህ ያለው እምብርት «ባለ ትልም እምብርት» ይሆናል። በቡሎንና በዳዶ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ደግሞ «ጥምዝ» ይባል። ትልቁ ዳዶ በመዶሻ የሚመታ ጆሮ ወይም ክንፍ ስላለው «ባለ ክንፍ ዳዶ» ነው፤ መዶሻውም የመዳብ፣ የእርሳስ ወይም የቆዳ መሆን አለበት እንጂ የብረት መዶሻ ዳዶውን ያቆስላል።

ከዚህ በታች ያለው ተርጓሚን ሁሉ ሊያሳስብ ይገባል። በዚህ ዘዴ በመኪናው ግራ ጎን ያሉት ዳዶዎች ቀኝ ጥምዝ፣ በቀኝ ጎን ያሉት ግራ ጥምዝ ናቸው። ወደ ፊት እየሄደ ያለውን ቸርኬ አቅጣጫ ተከትሎ ዳዶውን ቢያዞሩት ይላላል። ይህ ላላሰበው ሰው የተገለባበጠ ይመስላል፤ «መንኰራኵሩ እየዞረ ዳዶውን ሊፈታው ነው» ብሎ መምሪያውን በራሱ ሊያርም የሚነሣ ተርጓሚ አይጠፋም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የዳዶው ሾጣጣ ከቸርኬው ጎድጓዳ ጥቂት ስለሚያንስ በጭነት ጊዜ በውስጡ እየተንከባለለ ከቸርኬው ዙር በተቃራኒ በጥቂት በጥቂቱ ይሄዳል፤ ይህም ያጠብቀዋል። የብስክሌት ግራ ፔዳል ግራ ጥምዝ የሆነው በዚሁ ምክንያት ስለ ሆነ፣ የጅጅጋ ብስክሌት ጠጋኝ ይህን ለመረዳት ከመሐንዲስ አይዘገይም። ጎኖቹ ከተለዋወጡ ግን ዳዶው በመንገድ ላይ ራሱን ፈትቶ ቸርኬው ይወልቃል።

አደጋው የሚመጣው ከጎኖቹ ስም ነው። የእንግሊዝ መምሪያዎች ግራና ቀኝ ከማለት ይልቅ «ቅርብ ጎን» እና «ሩቅ ጎን» ይላሉ፤ ቅርብ የተባለው ለመንገዱ ዳር ነው። እንግሊዞች በግራ ስለሚነዱ ቅርብ ጎናቸው ግራ ነው። ኢትዮጵያ ግን ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች፤ ለእኛ ለመንገዱ ዳር የሚቀርበው ቀኝ ነው። «በመንገዱ ዳር በኩል ያለው ቸርኬ» ብሎ የተረጐመ ሰው ቃሉን በትክክል መልሶ ዳዶውን ገልብጦታል። «በሹፌሩ በኩል» ማለትም አያድንም፤ በድንበሩ አካባቢ፣ ከሐርጌሳ በኩል፣ መሪያቸው በቀኝ ሆኖ በቀኝ የሚነዱ መኪኖች አሉና። ስለዚህ ያለ ምንም ማወላወል «ግራ» እና «ቀኝ» እንጻፍ፤ በመምሪያው መጀመሪያም «ግራና ቀኝ የሚባሉት ሰው በመኪናው ውስጥ ወደ ፊት ተመልክቶ ሲቀመጥ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ይግባ። በሶማልኛ «ቢዲሕ» ግራ፣ «ሚዲግ» ቀኝ ናቸው፤ ሁለት ቋንቋ ለሚሠራበት ጋራዥ የሚዘጋጅ ጽሑፍ አራቱንም ጎን ለጎን ቢያሰፍር መልካም ነው።

የአመራረጥና የአያያዝ ቃላት ከዚህ ይቀልላሉ። ቸርኬ ሲመረጥ አስቀድሞ የሽቦው ቍጥር ይጠየቃል። ኦስቲን ሂሊ 100 ባለ 48 ሽቦ፣ ኤም ጂ ቢ ባለ 60፣ ጃጓር ኢ ታይፕ ባለ 72 ነበሩ። ሽቦ ሲበዛ ጭነቱ ለብዙዎች ስለሚከፋፈል፣ ከባድ ወይም ፈጣን መኪና ብዙውን ይሻል። ቀጥሎ ልባሱ ነው፤ ቀለም የተቀባ ወይም ክሮም የለበሰ። ክሮሙ ያምራል፤ ነገር ግን የመለበጡ ሥራ በጥንቃቄ ካልተካሄደ ጠንካራውን የብረት ሽቦ ሊያሰብረው ይችላል፤ ለኮረኮንች መንገድ ቀለሙን እኛ እንመርጣለን። ያገለገለ ቸርኬ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ትልሙን ይመልከት። የትልሙ ራስ ጠፍጣፋ ከሆነ ጤናማ ነው፤ እንደ ቢላዋ ከሾለ ተበልቷል። የቀይ ዝገት ዱቄት ከታየበት እምብርቱ በአክስሉ ላይ ሲላወስ ኖሯል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን የሚያድን ዳዶ የለም።

ለዚህ በዝግታ መበላት «መበላት» የሚለው ቃል ይበቃል። በጅጅጋ ሜዳ አቧራ ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል ብረት የሚሞርድ ሊጥ ይሆናል፤ ስለዚህ ትልሙ በየጊዜው ከነአሮጌው ግራሶ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አዲስ በስሱ ይቀባል። «ግራሶ ጨምር» ብሎ መተርጐም ጉዳት ነው፤ መምሪያው የሚለው «ጠርገህ ቀባ» ነው።

የተጣመመውን ቸርኬ ማስተካከል «ማቃናት» እንለዋለን። ቸርኬው በሚዞርበት ጊዜ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢወላገድ «የጎን ውልግድና»፣ ወደ ላይና ወደ ታች ቢዘልል «የክብ ውልግድና» ነው፤ የሚፈቀደው እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል መጠቅለል አይገባም፤ የሚቃኑት በተለያዩ ሽቦዎች ነውና። ሽቦው መላላቱ የሚታወቀው በትንሽ ብረት መታ መታ ሲደረግ ነው፤ የተወጠረው ይጮኻል፣ የላላው ይደነዝዛል። ጠጋኙ ድምፁን እያዳመጠ ሲያጠብቅና ሲያላላ ክራር የሚቃኝ ይመስላል፤ «ማቃናት» እና «መቃኘት» እዚህ ላይ ጎረቤት ሆነው ቢገኙም ሥራቸው ሁለት ስለ ሆነ፣ ድምፅ ሰምቶ ውጥረት ማመጣጠኑን «መቃኘት»፣ ክቡን ማስተካከሉን «ማቃናት» ብለን ለይተን እንያዝ። መቃኘት ይቀድማል፣ ማቃናት ይከተላል፣ ደግሞም ዳግመኛ ይቃኛል።

በክፈፉ ላይ ሽቦ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አየር ስለማይይዙ እንዲህ ያለ ጎማ «ከመነዳሪ» እየተባለ የሚጠራውን የውስጥ ላስቲክ የግድ ይፈልጋል። ቃሉ ከጣልያንኛው «ካሜራ ዳሪያ» መጥቶ በየአፉ ልዩ ልዩ መልክ ስለ ያዘ፣ በጽሑፍ አንዱን አጽንተን «ከመነዳሪ» እንላለን። የሽቦ ዳዶዎቹ እንዳይወጉት በክፈፉ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ወይም ላስቲክ «የክፈፍ መቀነት» ይሁን።

የቀረው መኪናው ራሱ ምን ይባል የሚለው ነው። «ጥንታዊ መኪና» ለአክሱም ሐውልት የምንሰጠውን ቃል ለአምሳ ዓመት ዕቃ መስጠት ነው። «አሮጌ መኪና» ባለቤቱን ያስቀይማል፤ ዋጋውንም ይቀንስበታል። «ክላሲክ» በአፍ እየገባ ነው፤ ካልወጣ እንቀበለዋለን። እስከዚያው በዚህ ጽሑፍ እንዳደረግነው «ነባር መኪና» የሚለውን እንመርጣለን።